ስለ ባዮቴክኖሎጂ ሐዋሳ ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የባዮሎጂ መምህር የሆነ ሰው በሰፈሩ ግማሽ ሐኪም፣ ግማሽ የግብርና ባለሙያ ነው። ቡና ላይ ይጠየቃል፣ ባጃጅ ውስጥ ይጠየቃል፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዛ ቆሞም ይጠየቃል። ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ዞረው ዞረው ባዮቴክኖሎጂ ላይ ያርፋሉ። እንደመጡልኝ ሰብስቤ አስቀምጫቸዋለሁ። አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፌዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ወሬ ይዞኛል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያልኩበት ብቻ የኛ ነው።

ባዮቴክኖሎጂ በአጭሩ ምንድን ነው?

ሕይወት ያለውን ነገር ሥራ ማሠራት ነው። ሠራተኛው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ እርሾ ሊሆን ይችላል፣ ሻጋታም፣ የተክል ወይም የእንስሳ ሴልም ይሆናል። አንዳንዴ ሠራተኛው ራሱ አያስፈልግም፤ እሱ ያመረተው ነገር ብቻ ይበቃል።

ቃሉን በ1919 ያወጣው ካሮይ ኤሬኪ የሚባል የሃንጋሪ መሐንዲስ ነው። ሰውዬው የአሳማ እርባታን እንደ ፋብሪካ የማስኬድ ሐሳብ ነበረው። ስሙ መቶ ዓመት ቢሆነው ነው እንጂ ሥራው የጥንት ነው። ጠላ የምትጠምቀውም፣ ወተት የምታረጋውም፣ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ የምትቀብረውም እናት በዚሁ ሙያ ውስጥ ናቸው።

እንጀራም ባዮቴክኖሎጂ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም?

አይሆንም። አንድ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ቤት በቀየርንበት ሰሞን ሁሉም ነገር ይጽዳ ብዬ ቡሃቃውን በበረኪና ፈተግኩት። ማለቅለቁ ላይ ግን ቸኮልኩ። ከጎረቤት እርሾ ለምኜ ጤፉን አቦካሁ። ሐዋሳ ሙቀት ስለሆነ ሊጥ እንደ አዲስ አበባ አያንቀላፋም፤ ቶሎ አረፋ ያወጣል፣ ከላዩም ቢጫ ውሃ ይይዛል። የኔው ግን እንደ ጭቃ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን እልህ ይዞኝ ጋገርኩት። ዓይን የሌለው፣ ሲጠቀልሉት የሚሰነጠቅ ነገር ከምጣዱ ተነሣ። እማዬ የቡሃቃውን ክዳን ከፍታ አሸተተች። የበረኪናው ሽታ ገና ነበር። «እርሾውን ገደልሽው» አለችኝ። እኔ ክፍል ገብቼ አርባ ደቂቃ የምለፈልፈውን በሁለት ቃል ጨረሰችው።

የሞተው ምን ነበር? እርሾ በምንለው ቢጫ ውሃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንዶቹ የዱቄቱን ስኳር ወደ አሲድ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የእንጀራው መኮምጠጥ የሚመጣው ከነሱ ነው። አሲዱ ሊጡን የሚያበላሹ ሌሎች ተህዋሲያን እንዳይገቡም በር ይዘጋል። ሁለተኛዎቹ የዳቦ እርሾ ዘመዶች ናቸው። እነሱ ስኳር በልተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳሉ። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲፈስ ያ አየር አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና ይፈነዳል። የእንጀራ ዓይን የምንለው የአረፋው መውጫ ነው።

አብሲትም የራሱ ሳይንስ አለው። ስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል፣ አየርን እንደ መረብ የሚይዝ ፕሮቲን አለ። ጤፍ ይህ የለውም። ከሊጡ ጥቂት ቀንሰን፣ በውሃ አብስለን ስንመልሰው ስታርቹ ያብጥና ሊጡን ያወፍረዋል። አየሩም ቶሎ አያመልጥም። በዚያ ላይ የበሰለ ስታርች ለተህዋሲያኑ የቀለለ ምግብ ነው። አብሲት የገባበት ሊጥ ቶሎ ኩፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ዱቄት ሳሙና ላይ «ኢንዛይም አለው» ይላል። ምን ማለት ነው?

ኢንዛይም ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሥራ ለማፋጠን የሚያመርቱት ፕሮቲን ነው። መቀስ አድርጋችሁ አስቡት። አንዱ መቀስ ስታርች ብቻ ይቆርጣል፣ አንዱ ስብ፣ አንዱ ፕሮቲን።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ብቅል ማለት እኮ እሱ ነው። ገብስ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆርጥ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያመርታል። ጠላ ጠማቂዋ ይህንን ኢንዛይም አድርቃ ፈጭታ ጋን ውስጥ ትጨምረዋለች። ቢራ ፋብሪካም ሄዳችሁ ብታዩ ነገሩ ያው ነው፤ እዚያ ሙቀቱ በቴርሞሜትር ይለካል።

ሁላችንም «ኦሞ» ብለን የምንጠራው ዱቄት ሳሙና ውስጥ የሚገባው ኢንዛይም በትልልቅ በርሜሎች ባክቴሪያና ሻጋታ እየተመገቡ ያመረቱት ነው። ፕሮቲን ቆራጩ ለደምና ለእንቁላል፣ ስብ ቆራጩ ለወጥ ቅባት፣ ስታርች ቆራጩ ለአጥሚት። ታዲያ በፈላ ውሃ አትዘፍዝፉበት። ኢንዛይሙ እንደ እንቁላል ይበስልና ሥራ ያቆማል። ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት መተው ነው የሚያዋጣው። የሱፍና የሐር ልብስ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ሁለቱም ፕሮቲን ናቸው፤ መቀሱ እድፍና ልብስ አይለይም። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ በዚህ በኩል ስጋት የለም።

በነገራችን ላይ ደብዘዝ ያለ ጂንስ የሚወዱ ተማሪዎቼ ይህንን ሲሰሙ ይገረማሉ። ድሮ ጂንስ የሚደበዝዘው ውሃ ላይ ከሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ጋር በማሽን እየታጠበ ነበር። ዛሬ በብዙ ፋብሪካዎች ሴሉሌዝ የሚባል ኢንዛይም የጨርቁን የላይኛውን ክር በትንሹ ይበላዋል። ከነቀለሙ።

ኢንሱሊን ከአሳማ ነው የሚሠራው ይባላል። እውነት ነው?

ይህንን ጠጋ ብለው በሹክሹክታ የጠየቁኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ መርፌውን ለመጀመር ልባቸው አልቆረጠም ነበር።

ድሮ እውነት ነበር። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል መድኃኒቱ የሚወጣው ከታረዱ ከብቶችና አሳማዎች ቆሽት ነበር። በ1978 ሳይንቲስቶች ሰው ኢንሱሊን የሚሠራበትን የዘረመል መመሪያ ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት ቻሉ። ባክቴሪያዋ መመሪያውን አንብባ የሰው ኢንሱሊን ማምረት ጀመረች። በ1982 ገበያ ላይ ዋለ። አሁን ፋርማሲ የምታገኙት የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የተመረተ ነው። አሳማ የለበትም። እማማም ይህንን ከሰሙ በኋላ ጀመሩ። ሐኪማቸው ቀድሞ ቢነግራቸው ጥሩ ነበር፤ ግን አልጠየቁትም፣ እሱም አልገመተም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀትም በረዶም ያበላሸዋል። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን ፈጽሞ። ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ በኋላ ቢሟሟም አይሠራም።

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የወባ ፈጣን ምርመራ እንዴት ነው የሚያውቀው?

ሐዋሳ ላይ ወባን የማያውቅ ስለሌለ ይህችን ዘርዘር ላድርጋት። ጣታችሁ ይወጋል። አንዲት ጠብታ ደም በትንሿ ቀዳዳ ትገባለች። በሌላኛው ቀዳዳ ፈሳሽ ጠብ ይደረጋል። ነጩ ወረቀት ፈሳሹን እየመጠጠ ቀላ ያለ ጥላ ቀስ ብሎ ሲሄድ ታያላችሁ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከጠበቃችሁ በኋላ አንድ መስመር ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል።

ወረቀቱ ላይ ዓይን የማያያቸው ፀረ-እንግዳ አካላት (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርታቸው ዓይነት ፕሮቲኖች) በመስመር ተለጥፈዋል። እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ፕሮቲን ብቻ ለመያዝ የተዘጋጁ ናቸው። የወባ ተህዋስ ደም ውስጥ የሚለቀው ፕሮቲን ሲያልፍ ይይዙታል። አብሮት የሚሄደው የቀለም ብናኝ እዚያው ይከማቻል፤ መስመሩ ይታያል። ሁለተኛው መስመር መቆጣጠሪያ ነው። እሱ ካልወጣ ምርመራው ራሱ አልሠራምና በሌላ መደገም አለበት።

አንድን ፀረ-እንግዳ አካል ብቻ ለይቶ ያለማቋረጥ ማምረት የተቻለው በ1975 ነው። ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች ካምብሪጅ ውስጥ የአይጥን በሽታ ተከላካይ ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዋሃዱ። የመጀመሪያው ፀረ-እንግዳ አካሉን ያመርታል፣ ሁለተኛው መሞት አያውቅም። የግኝቱን የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም፤ ኖቤል ግን በ1984 አገኙ። ፋርማሲ የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያም የተሠራው በዚሁ ጥበብ ነው።

ማስጠንቀቂያ ቢጤ፦ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ አንዳንዱ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን ጨርሶ የማያመርት የፋልሲፓረም (አንዱ የወባ ዓይነት ነው) ተህዋስ ተገኝቷል። ተህዋሱ ያንን ዘረመል ጥሎታል። ስለዚህ ውጤቱ «የለም» ብሎ ትኩሳቱና ብርድ ብርድ ማለቱ ካልተዋችሁ፣ ተመልሳችሁ በማይክሮስኮፕ ይታይ በሉ። ነገ ዛሬ አትበሉ።

ፒሲአርስ? በኮሮና ጊዜ አፍንጫችን የተጎረጎረበት?

እሱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። የቫይረሱ ዘረመል በጣም ጥቂት ስለሆነ እያባዛ ያበዛዋል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም ቢሊዮን ይሞላል። ካሪ ሙሊስ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሐሳቡን በ1983 አመጣው። ሥራውን በሚገባ ያስኬደው ግን አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ የተገኘች ባክቴሪያ ኢንዛይም ነው፤ ሙቀት አያበስለውም። ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ስትገቡ ሙቀት የለመዱ እንዲህ ያሉ ፍጡራን ዘመዶች አጠገባችሁ እንዳሉ አስቡ። አይነኳችሁም።

የሕፃናት ክትባት ውስጥ በሽታው ራሱ አለ ይባላል።

በአንዳንዱ ክትባት ውስጥ የተዳከመ ተህዋስ አለ፤ ለምሳሌ በኩፍኝ ክትባት። በሄፓታይተስ ቢ ክትባት ውስጥ ግን ቫይረሱ የለም። ከቫይረሱ የላይኛ ልባስ አንድ ፕሮቲን ብቻ በእርሾ ተመርቶ ይገባል። እንዲህ ያለው ክትባት ከ1986 ጀምሮ አለ። ልጆቻችን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በሚወስዱት የአምስትዮሽ ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢው ክፍል እሱ ነው። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያም ባዶ ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ምንም ዘረመል የለም። ቤቱ አለ፣ ባለቤቱ የለም እንደማለት።

ቁንጮ ጤፍ፣ የፈረንጅ ዶሮ፣ ወፍራም ቆዳ ያለው ቲማቲም። ዘረመላቸው ተለውጧል?

ሦስቱም አልተለወጡም። ሰው የሚያምታታው ማዳቀልንና ዘረመል መለወጥን ነው።

ቁንጮ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬ የተለቀቀው ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ነው። ነጭነቱ ገበያ የሚወድለትን አንድ ዝርያ ምርቱ ከፍ ካለ ሌላ ዝርያ ጋር አዳቅለው ነው ያገኙት። የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ስለሆነች ማዳቀሉ በማይክሮስኮፕ፣ በእጅ የሚሠራ ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው። የፈረንጅ ዶሮም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቶሎ የሚያድገው እየተመረጠ የተዳቀለ ነው። ቲማቲሙም ከመኪና ጉዞ እንዲተርፍ ተመርጦ እንጂ ከዓሣ ዘረመል ተወስዶለት አይደለም። ጣዕሙ ላይ ቅሬታ ካላችሁ እኔም አለኝ።

ስለ ጤፍ ካነሣን፦ ሙሉ የዘረመል መረጃው በ2014 ታትሟል። ጤፍን ማቀነባበር በሚመለከት አውሮፓ ውስጥ ተሰጥቶ የነበረውን የባለቤትነት መብት ደግሞ ሔግ ያለ ፍርድ ቤት በ2018 ኔዘርላንድስ ውስጥ እንዳይሠራ ውድቅ አድርጎታል። ያኔ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ጭብጨባ ነበር።

ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ ልውጠ ሕያው ጭራሽ የለም ማለት ነው?

አለ። ልውጠ ሕያው ማለት ዘረመሉ በላብራቶሪ የተለወጠ ተክል፣ እንስሳ ወይም ተህዋስ ነው። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ዓ.ም. በጣም ጥብቅ ነበር፤ ለምርምር እንኳን በር የዘጋ ያህል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለና በሩ ገርበብ አለ። በ2018 ቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ። በዚያው ሰሞን ድርቅና ተባይ የሚቋቋም በቆሎም በታጠረ ማሳ እንዲሞከር ፈቃድ አገኘ።

ቢቲ የሚባለው አፈር ውስጥ የምትኖር ባክቴሪያ ናት። የምታመርተው ፕሮቲን የአባጨጓሬን አንጀት ይበሳል። ያንን ዘረመል ጥጡ ውስጥ ሲያስገቡት ፍሬውን የሚበላው ትል ይሞታል፤ የርጭት ወጪ ይቀንሳል። የሰው ሆድ ግን ለዚያ ፕሮቲን መያዣ የለውም።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ብበላው ይገድለኛል የሚለው አይደለም። ዘሩ ማን እጅ ላይ ነው የሚለው ነው። የተፈቀደው ጥጥ ዲቃላ ስለሆነ ገበሬው ከራሱ ማሳ ለይቶ ለከርሞ ቢያስቀምጠው ምርቱ ይወርዳል፤ በየዓመቱ መግዛት አለበት። ይህ ጥያቄ የላብራቶሪ ሳይሆን የገበያና የሕግ ነው። «ልውጠ ሕያው መርዝ ነው» የሚለውም፣ «ረሃብን ያጠፋል» የሚለውም ለኔ ጆሮ ጩኸት ይበዛበታል። እያንዳንዱን ዘር ለብቻው ማየት ይሻላል።

የእንሰት አጠውልግ በሽታ መድኃኒት ተገኘለት?

በሲዳማ ይህ የቤት ጉዳይ ነው። እንሰት በኢትዮጵያ ለ20 ሚሊዮን ያህል ሰው ምግብ ነው ይባላል። አጠውልግ የሚያመጣው ባክቴሪያ ለሳይንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1968 ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ ነው። መጀመሪያ የመሐል ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል። ግንዱን ብትቆርጡት ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ያ ፈሳሽ ራሱ ባክቴሪያ ነው።

የሚረጭ መድኃኒት የለም። በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የሚያዞረው ብዙ ጊዜ ቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ወይም በበረኪና ሳይጸዳ ጤነኛውን እንዳይነካ። አዎ፣ ቡሃቃዬን ያበላሸችው በረኪና እዚህ ቦታዋ ነው። የታመመው ተነቅሎ ይቀበር፤ ከብት አይብላው።

ባዮቴክኖሎጂ በሁለት በኩል ይገባል። አንደኛው ቲሹ ካልቸር ነው። ከጤነኛ ተክል ቅንጣት ተወስዶ ጠርሙስ ውስጥ፣ ንጹህ ምግብ ላይ ይበቅላል። ከአንዱ ብዙ በሽታ የሌለባቸው ችግኞች ይወጣሉ። ችግኙ ግን ተከላካይ አይደለም፤ ማሳው ላይ ቢላዋው ካገኘው ይታመማል። ሁለተኛው ዘረመል መለወጥ ነው። ዩጋንዳ ውስጥ ከቃሪያ ዘመድ የተወሰዱ ዘረመሎች ሙዝን በዚሁ ባክቴሪያ ላይ እንዳበረቱት ታይቷል፤ ያው መንገድ ለእንሰትም ምርምር ላይ ነው። ገበሬ እጅ እስኪገባ ግን እንደ ማዚያ ያሉ በሽታውን የተሻለ የሚችሉ ነባር ዝርያዎችን መትከልና ቢላዋ ማጽዳት ነው ያለው።

ለቦሎቄ የሚሰጠው ጥቁር ዱቄት ማዳበሪያ ነው?

ሕያው ማዳበሪያ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ አለ። የቦሎቄው ሥር ላይ ቤት ይሠራል፣ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ለተክሉ ይሰጣል፤ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይከፍለዋል።

መሥራቱን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሊያብብ ሲል አንድ እግር ቦሎቄ በቀስታ ከነአፈሩ ንቀሉ። ሥሩን በውሃ አጥባችሁ ትንንሾቹን ጉብታዎች ፈልጉ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ተኝቷል ወይም አልፎበታል። በጣት ሲነካ ጉብታው ከሥሩ በቀላሉ የሚለቅ መሆን አለበት። ሥሩ ራሱ አብጦ ካልለቀቀ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ትል ይሆናል።

ዘሩን ከዱቄቱ ጋር የምታሹት በጥላ ሥር ይሁን፤ ፀሐይ ይገድለዋል። በዚያው ቀን ዝሩት። የቦሎቄው ለሽምብራ፣ የሽምብራው ለአኩሪ አተር አይሠራም። ጠባዩ አይገጥምም።

ላሞችን በመርፌ ማስጠቃትና ክሎን ማድረግ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሰው ሠራሽ ማዳቀል ከተመረጠ ኮርማ የተወሰደ ዘር በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ቆይቶ ለላሟ መስጠት ነው። ጥጃው እናትም አባትም አለው። ክሎን የአንዱ ቅጂ ነው፤ በሰፈራችሁ አይመጣም፣ አትስጉ። አዳቃዩ ዘግይቶ ሲመጣ ግን ስጉ። ላሟ ጠዋት ከፈለገች ከሰዓት፣ ማታ ከፈለገች በማግስቱ ጠዋት ነው የሚደረግላት።

ስለ እንስሳት ካወራን የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ሊጠቀስ ይገባዋል። የዶሮ ፈንግል ክትባት ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የደስታ በሽታን አያቶቻችን በክፉ ቀን ያውቁታል፤ ከብቱን ጨርሶ ሕዝቡን ያስራበው እሱ ነበር። ኬንያ ውስጥ በጥጃ ኩላሊት ሴል ላይ የተዘጋጀ ክትባት በሽታውን ለማጥፋት ለተደረገው ዘመቻ መሠረት ሆነ። በ2011 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

ለሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሸጠው ባክቴሪያ ዱቄት ይሠራል?

ጉድጓዳችሁ ውስጥ ባክቴሪያ ሞልቷል፤ ከማንም አትገዙም። በየሳምንቱ በረኪናና ዴቶል የምትደፉ ከሆነ ግን እየገደላችኋቸው ነው። መጀመሪያ እሱን አቁሙ። ዱቄቱ ቢጨመርም ዝቃጩ አንድ ቀን መመጠጡ አይቀርም።

ይህ ለሐይቃችንም ይሠራል። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝም ይግባ በጎርፍ፣ የገባው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ፍሳሽ ሐይቅ ሳይደርስ በባክቴሪያ መበላት አለበት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ማጣሪያም አንዱ ደረጃው ይኸው ነው፤ አየር እየተነፋላቸው ቆሻሻውን የሚበሉ ተህዋሲያን።

ልጄ ባዮቴክኖሎጂ ብትማር ሥራ ታገኛለች?

እውነቱን ልናገር። «ባዮቴክኖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አታዩም። ሥራው በሌላ ስም ነው የሚመጣው። የቢራ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር፣ የክትባት ምርት፣ የሆስፒታል ላብራቶሪ፣ የምርምር ማዕከል፣ የፍሳሽ ማጣሪያ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይሰጣሉ። ልጅቷ እጇ ለላብራቶሪ ረጋ ያለ ከሆነና ያልተሳካ ሙከራ መድገም የማያናድዳት ከሆነ ትግባበት። ኮምፒውተርም ጎን ለጎን ትያዝ፤ ዛሬ ግማሹ ሥራ የዘረመል መረጃ ማንበብ ነው።

ከልጆች ጋር ቤት የሚሞከር ነገር አለ?

አለ፤ እኔም በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አሠራዋለሁ። ሦስት ባዶ የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ፣ ሦስት ፊኛ፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ። በየጠርሙሱ ሁለት ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨምሩ። በአንዱ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በአንዱ ለብ ያለ፣ በሦስተኛው በጣም ትኩስ፤ የፈላው ጥቂት በረድ ካለ በኋላ፣ ጠርሙሱ እንዳይጨማደድ። ፊኛውን አፉ ላይ አጥልቁና ለአንድ ሰዓት ተዉት። የለብታው ፊኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቀዝቃዛው ቀስ እያለ ይመጣል። የትኩሱ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ሦስቱም ከተንጠለጠሉ ደግሞ እርሾው ቀኑ ያለፈበት ነውና ወደ ሱቁ መልሱት።